የሁሉም መሥሪያ ቤት ሰው የሚቀመጥበት የከተማ ዕቅድ ሥልጠና ላዘጋጅ ነው፤ ከየት ልጀምር?

የማራኪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር ነው፤ እዚሁ ከተማ በዕቅድ ሥራ ላይ ያለሁ ባለሙያ ነኝ። በቀደም አለቃዬ ጠራኝና ለ30 ሠራተኞች የአምስት ቀን ሥልጠና አዘጋጂ አለኝ። ርዕሱ «የተቀናጀ የከተማ ልማት ዕቅድ አዘገጃጀት» ነው። ሠልጣኞቹ ከመንገድ፣ ከውሃ፣ ከመሬት፣ ከገንዘብ፣ ከጤና፣ ከትምህርት፣ ከባህልና ቱሪዝም እና ከክፍለ ከተሞች ይመጣሉ።

ደስ ብሎኛል፣ ጭንቅም ይዞኛል። እስከዛሬ የተካፈልኩባቸው ሥልጠናዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አዳራሽ ይያዛል፣ አቴንዳንስ ይፈረማል፣ አሠልጣኙ ስለ «ቅንጅታዊ አሠራር» ከመቶ በላይ ስላይድ ያነብልናል፣ ቁም ነገር የሆነውን ወሬ በሻይ ሰዓት እናወራለን፣ አበል ተከፍሎን እንበተናለን። ሰኞ ቢሮ ስንገባ ሁሉም የየራሱን የሴክተር ዕቅድ ከአምናው ፋይል ላይ ዓመተ ምሕረቱንና ቁጥሩን እየቀየረ ይጽፋል። የጎረቤቱን ዕቅድ የሚያይ የለም።

ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው ተባለና ነዋሪው ገንዘብ አዋጣ። እኔም አዋጣሁ። ለጥምቀት ደረሰ፤ እንዴት ያምር ነበር። መጋቢት ላይ አንድ መሥሪያ ቤት መስመር እቀብራለሁ ብሎ መጣና መሐል ለመሐል ቆፈረው። ድንጋዩ ዳር ዳር ተከምሮ ቀረ። ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ ከሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ወሰደው፣ አሁን እዚያች ቁልቁለት ላይ ጀሪካን ያዘለች ሴት ሳትንሸራተት አታልፍም። አንዲት የሰፈራችን እናት መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ አንቺ እዚያው አይደለሽ እንዴ የምትሠሪ? እርስ በርስ አትነጋገሩም?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። በአምስት ቀን ውስጥ ሰዎቹ ከልብ እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ሥልጠና ምን ይመስላል? እንዲህ ያለ ሥልጠና የሰጣችሁም የወሰዳችሁም ካላችሁ ምኑ እንደሠራ፣ ምኑ እንዳልሠራ ንገሩኝ። ስላይድ አትላኩልኝ፣ ስላይድ ሞልቶኛል።

ጡረተኛው

ልጄ፣ እንኳን ይህን ሥራ ለአንቺ ሰጡሽ፤ የሚያንገበግበው ሰው ካልያዘው አይሆንም። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በተለያዩ ከተሞች ፕላን ላይ ሠርቼ ነው የወጣሁት።

ከትርጉም አትጀምሪ። «ቅንጅት ማለት ምን ማለት ነው» ብለሽ ከጀመርሽ ሰዉ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስልኩን ያወጣል። ከካርታ ጀምሪ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነበር። የአንድ ሰፈር ቤዝ ማፕ፣ መነሻ ካርታውን ማለቴ ነው፣ በትልቁ አሳትማለሁ። ለየመሥሪያ ቤቱ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ አንዳንድ ትሬሲንግ ወረቀትና የተለያየ ቀለም ማርከር አድላለሁ፤ ለውሃ ሰማያዊ፣ ለመንገድ ጥቁር፣ ለመብራት ቀይ፣ ለቴሌ አረንጓዴ። ሁሉም ካርታውን ከሥር አድርጎ በሚቀጥለው ዓመት የሚሠራውን ብቻ ይሥላል፣ መቼ እንደሚጀምርም ወሩን ይጽፍበታል። አንዱ የሌላውን እንዳያይ ለየብቻ ይቀመጣሉ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ሲጨርሱ ወረቀቶቹን ማዕዘን ለማዕዘን አገናኝቼ አንዱን በአንዱ ላይ እደርብና የአዳራሹ መስኮት ላይ በፕላስተር እለጥፋቸዋለሁ። ፀሐይ ከኋላ ሲመታው ሁሉም መስመር አንድ ላይ ይወጣል።

አንድ ጊዜ፣ ከተማውን አልጠራም፣ 400 ሜትር በማትሞላ አንዲት መንገድ ላይ አራት ቀለም ተደራርቦ ወጣ። ኮብልስቶን ጥቅምት ላይ፣ የውሃ መስመር ቅየራ ጥር ላይ፣ የመብራት ምሰሶ ማዛወር መጋቢት ላይ፣ ቴሌ ግንቦት ላይ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ የመንገዱ ሰውዬ ተነሣና የውሃውን ባለሙያ «ቧንቧው መቼ ነው የሚገባላችሁ?» ብሎ ጠየቀው። ሁለቱ ለስድስት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ሠርተዋል። እንዲህ ብሎ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ነበር። ያን ቀን እኔ ሌላ ምንም ማስተማር አላስፈለገኝም።

ቅደም ተከተሉን ከዚያ በኋላ ራሳቸው ያወጡታል። በጥልቀት የሚቀበረው ይቀድማል፤ የጎርፍ ማስወገጃና ፍሳሽ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ ኬብል፣ ንጣፉ መጨረሻ። የአንዱ መሥሪያ ቤት በጀት ዘንድሮ ካልደረሰ ደግሞ ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ባዶ የፒቪሲ ቱቦ መንገዱን አቋርጦ ይቀበር። በኋላ ገመዱም ሆነ ቀጭኑ ቧንቧ በዚያ ያልፋል፣ ድንጋይ የሚነቅል የለም። የቱቦው ዋጋ መንገድ አፍርሶ መልሶ ከመሥራት ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። ሰዎቹ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህቺን ይዘው ይሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ግንቦት ላይ የሚሰጥ የዕቅድ ሥልጠና ሠርጉ ካለፈ በኋላ እንደሚመጣ ጥሪ ነው። ኅዳር ወይ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አድርጊው። ጥር ላይማ ጎንደር እንዴት እንደምትሆን ታውቂዋለሽ።

ሂሳብ ክፍል

ጋሼ ያሉት የካርታ ነገር ልቤን ነክቶታል፣ ግን ካርታ ላይ ተስማምተው ገንዘብ ላይ የሚጣሉ ሰዎች በጣም ብዙ አይቻለሁ። እኔ በጀት ላይ ነው የምሠራው፣ የሌላ ከተማ ነኝ።

ሠልጣኞችሽ ከተማው ሁለት ኪስ እንዳለው አብዛኞቹ አያውቁም። ሁሉም የራሱን ኪስ ብቻ ነው የሚያውቀው። የመንግሥት ተግባር የሚባሉት፣ ትምህርትና ጤና፣ በአብዛኛው ከላይ በሚመጣ ድጎማ ነው የሚሠሩት። የማዘጋጃ ቤት ተግባር የሚባሉት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ዲች (የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ)፣ ቆሻሻ፣ የመንገድ መብራት፣ ከከተማው የራሱ ገቢ ነው፤ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከአገልግሎት ክፍያ። የሁለቱ በጀት በተለያየ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚጻፈው። እናም ትምህርት ቤቱ ከአንዱ ኪስ ተሠርቶ ያልቃል፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው ድልድይ ከሌላው ኪስ ስለሆነ በዚያ ዓመት አልተያዘም፣ ክረምት ሲመጣ ልጆቹ ወንዝ ሞላ ብለው ይቀራሉ። ይህን አንድ ምሳሌ በሰሌዳ ላይ ሥዪላቸው፣ የጤናውም የትምህርቱም ሰው ወዲያው ይገባዋል።

አዲስ መሣሪያ መፍጠር አይጠበቅብሽም። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው ዩኤልጂዲፒ የተባለ የከተሞች ልማት ፕሮግራም ከተሞች የሦስት ዓመት ተንከባላይ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ ሲአይፒ የምንለውን፣ እንዲያዘጋጁ አስለምዷል። በ2006 ሁለተኛው ምዕራፍ 44 ከተሞችን ያዘ፣ በ2010 የተከተለው ዩአይአይዲፒ ደግሞ 117። ስለዚህ ፎርማቱ ቢሮሽ ውስጥ የሆነ ሸልፍ ላይ አለ። ችግሩ ሲአይፒ የሚሞላው ባንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ፣ ለምዘና ተብሎ መሆኑ ነው። ሥልጠናው ላይ በጋራ ይሞላ።

ለምን ሲአይፒ ካልሽኝ፣ በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን፣ የመላ ከተማው የመሬት አጠቃቀምና የመንገድ ካርታ፣ የ10 ዓመት ዕድሜ አለው፣ የሴክተር ዕቅድ ደግሞ የአንድ ዓመት ነው። ከ10 ዓመቱ ካርታ ወደ ዘንድሮ በጀት የሚያሻግር ነገር ከሌለ ካርታው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል። ሲአይፒ ያ ማሻገሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት በርግጠኛ ገንዘብ ይታሰራል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በየዓመቱ ይከለሳል።

ልምምዱን እንዲህ አድርጊው። ጠዋት ጣሪያውን ንገሪያቸው፤ ለምሳሌ «ለሦስት ዓመት ያለን 50 ሚሊዮን ብር ነው» በይ። የሁሉም ፍላጎት ሲደመር ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ይቁረጡ፣ ለምን እንደቆረጡም ጎን ላይ ይጻፉ። በየፕሮጀክቱ አጠገብ ደግሞ «ጥገና በዓመት ስንት፣ የሚከፍለውስ ማን» የሚል ዓምድ ይኑር። ያ ዓምድ ስንቱን ፕሮጀክት እንዳስተወ ባየሽ።

ሐበሻ በጆበርግ

እኔ ያለሁት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቶችን በሚያማክር ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። እዚህ ይህን ዕቅድ ኢንተግሬትድ ዴቨሎፕመንት ፕላን፣ ባጭሩ አይዲፒ ይሉታል፣ በሕግም ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አሠራር ሕግ፣ ቁጥር 32፣ እያንዳንዱ ምክር ቤት እንደተመረጠ የሥራ ዘመኑን ሙሉ የሚያገለግል አንድ ዕቅድ እንዲያጸድቅ ያዛል። ዘመኑ 5 ዓመት ነው፣ ዕቅዱ በየዓመቱ ይከለሳል። ውስጡ ምን መኖር እንዳለበትም ተዘርዝሯል፤ ምንም መሠረታዊ አገልግሎት የማያገኙ ሰፈሮች ተለይተው መታየት አለባቸው፣ የቦታ አጠቃቀም ማዕቀፍ አለ፣ የአደጋ መከላከል ዕቅድ አለ፣ ቢያንስ የሚቀጥሉትን ሦስት ዓመታት የሚያሳይ የገንዘብ ዕቅድ አለ።

እኔን ግን ከሁሉ የማረከኝ የጊዜ ሰሌዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የማዘጋጃ ቤት ፋይናንስ ሕግ ከንቲባው የበጀት ዓመቱ ከመጀመሩ 10 ወር ቀድሞ የዕቅዱንና የበጀቱን ቀነ ገደቦች ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ዕቅድና በጀት በአንድ ካላንደር ነው የሚሄዱት። የእነሱም በጀት ዓመት ከእኛ ጋር በቀናት ብቻ የሚለይ ነው፣ ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ ያንን ካላንደር ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ገልብጠሽ ለልምምድ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ።

ሥልጠናውን በተመለከተ፣ እዚህ ሠልጣኝ ብቃቱ የሚመዘነው በፈተና ብቻ አይደለም። ከገዛ ሥራው የሰበሰበውን ማስረጃ በፋይል ያቀርባል፤ የመራው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ያዘጋጀው የፕሮጀክት ቅጽ፣ የቅርብ ኃላፊው የፈረመበት ወረቀት። ማለትም አዳራሽ የተማረውን ቢሮው ሄዶ ካልሠራው አያልፍም። የናንተን አምስት ቀን ለምን በአንድ ሳምንት ትጨርሺዋለሽ? ሦስት ቀን አድርጊ፣ ሰዎቹ ለስድስት ሳምንት ወደ ሥራቸው ይመለሱ፣ ከዚያ ማስረጃቸውን ይዘው ለቀሪው ሁለት ቀን ይምጡ። ወጪው ብዙም አይለወጥም።

እዚህም ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ እንዳይመስላችሁ። አማካሪ ድርጅት ጽፎት፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ከፍተው ያላነበቡት አይዲፒ በዓይኔ አይቻለሁ። የራሱ ሠራተኛ ያልጻፈው ዕቅድ ባለቤት የለውም።

የአዘዞ ልጅ

ሁላችሁም የተናገራችሁት ጥሩ ነው። ግን ልፋቱ ውሃ እንዳይበላው ሁለት ነገር ልበል፣ ቅር እንዳይልሽ እህቴ።

አንደኛ፣ የሠለጠነ ሰው አይቆይም። ባለሙያው ሠልጥኖ በስድስት ወሩ ይዛወራል፣ ወይ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል፣ ኃላፊው ይነሣል፣ አዲሱ «ይሄ የማን ሐሳብ ነው» ይላል። ስለዚህ ከየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አትጥሪ። ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ነባር አንዱ ወጣት። ከ30 ወንበር 15 መሥሪያ ቤት ይወጣል፣ በቂ ነው። ኃላፊዎቹንም አምስት ቀን ጥሪያቸው ብትይ ስብሰባ አለብን ብለው አይመጡም፤ ለመጨረሻው ግማሽ ቀን ብቻ ጥሪያቸው። የተደራረበውን ካርታ መስኮቱ ላይ ይዩት፣ ባለሙያዎቻቸው ያስረዷቸው፣ «ከዚህ ካላንደር ውጭ አንቆፍርም» በሚል አንድ ገጽ ላይ ይፈርሙ። አንድ ገጽ ብቻ።

ሁለተኛ፣ ዝርዝርሽ ላይ ግብርና የለም። ከተማ ስለሆነ ይሆናል። ግን ከተማችን ውሃ የምታገኝበትን የአንገረብ ግድብ አስቢው። ግድቡ በደለል እየተሞላ መምጣቱን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ያ አፈር ከየት መጣ? ከግድቡ በላይ ካለው የተራቆተ ተዳፋትና ከእርሻው ነው። ከተማው የቱንም ያህል ቧንቧ ቢቀይር፣ የላይኛው ገበሬ እርከን ካልሠራና ተዳፋቱ ካላገገመ ግድቡ የሚይዘው ውሃ ይቀንሳል። እርከኑ የሚሠራው ደግሞ ከከተማው አስተዳደር ክልል ውጭ ነው። የተቀናጀ ዕቅድ ካልን የግብርናና የተፈጥሮ ሀብት ሰው፣ ከላይኛው ወረዳ ጭምር፣ አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

የቀበሌዋ

እኔ ቀበሌ ላይ ነው የምሠራው፣ አጭር ነገር ልበል። ሁላችሁ ስለ ባለሙያ አወራችሁ፤ ነዋሪው የታለ?

ዕቅድ ሲመጣ ሕዝብ አወያዩ እንባላለን። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት እንጠራለን። የሚመጡት ሁሌም እነዚያው ሰዎች ናቸው። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ እኔ ወደ እድር ነው የምሄደው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ሲሰበሰብ ዳኛውን አስፈቅጄ 20 ደቂቃ እወስዳለሁ። እዚያ ማን እንደጎደለበት፣ የማን ቤት ውሃ እንደሚገባበት ሁሉም ያውቃል። አንዴ ቢሮው «መንገድ ይቅደምላችሁ» ብሎ ወስኖ ነበር፣ እድሩ ላይ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «መጀመሪያ ዲቹን» አሉ። ሐምሌና ነሐሴ ከላይኛው ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ ዱቄትና በርበሬ የተቀመጠበት ክፍል ድረስ ይገባል። አንዷ ግድግዳዋ ላይ ውሃው የደረሰበትን ምልክት በጣቷ አሳየችኝ፣ ከጉልበቴ በላይ ነበር። ይሄ በየትኛውም የሴክተር ሪፖርት ላይ አልነበረም።

እና ሥልጠናው ላይ ግማሽ ቀን ከአዳራሽ ውጡ። በቡድን በቡድን ወደ ሰፈር ወርዳችሁ ጠይቁ። የመሬቱ ሰውና የውሃው ሰው አንድ ላይ ይሂዱ፣ አንድ መልስ አብረው ይስሙ።

የማራኪዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄን ያህል አልጠበቅሁም። ትናንት ማታ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ገልብጬ ዛሬ ጠዋት ለአለቃዬ አሳየሁት፣ ሁለት ሰዓት ተነጋገርንበት።

በሦስትና በሁለት ቀን እንዲከፈል ተስማምቷል። የመጀመሪያው ዙር ኅዳር ላይ፣ ሁለተኛው ከስድስት ሳምንት በኋላ ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ይሆናል። ከግብርና ሁለት ሰው ጨምሬያለሁ፤ የላይኛው ወረዳ በደብዳቤ ይጠየቃል። አንድ ገጹን ኃላፊዎች እንዲፈርሙ የሚለው ላይ አለቃዬ ትንሽ አመንትቶ ነበር፣ የኮብልስቶኑን ነገር ሳነሣበት ዝም አለ፣ ከዚያ «አርቅቂው» አለኝ።

ለካርታው ልምምድ የመረጥኩት ቦታ ከፋሲል መዋኛ እስከ ቀሃ ወንዝ ያለውን አካባቢ ነው። መዋኛው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ከተመዘገበው ቅርስ አንዱ ክፍል ስለሆነ የባህልና ቱሪዝም ሰው ቁፋሮ በመጣ ቁጥር ቃል አለው። ወንዙ ስላለ ጎርፉም ፍሳሹም ቆሻሻውም እዚያው ይገናኛል። ጥምቀት ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ በእነዚያው መንገዶች ነው የሚገባውም የሚወጣውም፣ ጤናውም ትራንስፖርቱም ውሃውም በዚያ ቀን እዚያ ነው። ማንም «እኔን አይመለከተኝም» ሊል የማይችልበት ሰፈር ሌላ አልታየኝም። ለእድሩ ጉዳይ፣ የቀበሌዋ፣ በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ፣ አብረሽኝ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።

ጋሼ ጡረተኛው፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቤዝ ማፑን በምን ስኬል ላሳትመው? መዋቅራዊ ፕላኑ 1 ለ10,000 ነው፣ ቧንቧ ለመሣል በጣም ጠባብ ሆነብኝ።

ጡረተኛው

1 ለ10,000 አይሆንም ልጄ፣ የቤቱ በር እንኳ አይታይበትም። 1 ለ2,000 አሳትሚ፣ ሰፈሩ ትንሽ ከሆነ 1 ለ1,000 ይሻላል። ኤ ዜሮ ወረቀት ይሁን። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳየውን የኮንቱር መስመር እንዳትተዪው፤ ጎንደር ተዳፋት ናት፣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ካልታየ ዲቹን ማንም በትክክል አይሥለውም። ሰሜንን ምልክት አድርጊ፣ አራቱም ማዕዘን ላይ መስቀል አድርጊ፣ ወረቀቶቹ ሲደረቡ የሚገጣጠሙት በእሱ ነው። ካተምሽ በኋላ ለሠልጣኝ ከመስጠትሽ በፊት ይዘሽው ሰፈሩን በእግርሽ አንድ ጊዜ ዙሪው፤ ካርታው ላይ የሌለ ቤትና የሌለ ቦይ ታገኛለሽ፣ በእርሳስ ጨምሪው።

ትሬሲንግ ጥቅል ወረቀት ቤቴ ተቀምጦልኛል፣ ከሥራ ስወጣ ያስቀረሁት ነው። አድራሻሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።